ሁለቱ እርሳሶች

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ያደገ ልጅ የአሰብን መንገድ የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ከወደቡ ጭኖ የሚወጣው ከባድ መኪና እያቃሰተ ይመጣል፤ ወደ ባቲ፣ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ የሚወርደው ደግሞ ቀለል ብሎት ተሳቢውን እያንኳኳ ያልፋል። ወጪና ወራጅ የሚገናኝበት ከተማ ስለሆነ መንገዱ ዳር ሻይ ቤቱም፣ ጎሚስታውም፣ ጋራዡም አይታጣም። ከነዚያ መሃል አንዱ ባትሪ ቻርጅ የሚደረግበት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ቤቱ የአጎቱ ነው። ልጁ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሩን ጥሎ የሚሮጠው ወደዚያ ነው።

ዛሬ ጎልማሳነቱን የተሻገረው ይህ ሰው ኤሌክትሮሊሲስ የሚለውን ቃል በሰማ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣለት ቀመር አይደለም፤ ሽታ ነው። ጉሮሮን ከርከር የሚያደርገው የአጎቱ ቤት ሽታ።

ሌሊቱን ቻርጅ ላይ የሚያድሩት ባትሪዎች በጣውላ ላይ ይደረደራሉ፤ ክዳናቸው ተከፍቷል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ በወፍራም ሽቦ ተያይዘዋል። ቻርጀሩ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ንጋት ላይ በየቀዳዳው ጎንበስ ብለው ሲያዩ ውሃው በጥቃቅን አረፋ ይንተከተካል። አጎቱ "ፈላ" ይላሉ። ልጁ መዳፉን የባትሪው ጎን ላይ ሲያሳርፍ ግን ለብ ከማለት አያልፍም፤ እሳት ሳይነካው የሚፈላ ነገር ያየው እዚያ ቤት ብቻ ነው። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ሲጋራ ይዞ የሚጠጋ ሾፌር በቁጣ ይመለሳል። አንዴ አንድ ረዳት ውሃው የት እንደደረሰ ለማየት ክብሪት ጭሮ ወደ ቀዳዳው ቢያስጠጋ፣ ባትሪው እንደ ጥይት ጮኾ የላይኛው ሽፋኑ ተበጣጥሶ ነበር። የረዳቱ ዐይን የተረፈው ባጋጣሚ ፊቱን ዞር በማድረጉ ነው። አጎቱ ያ ጋዝ ሃይድሮጅን እንደሚባል አልተማሩም፤ "ትንፋሹ ይቀጣጠላል" ብለው ማስጠንቀቅ ግን ያውቁ ነበር።

ሌላም ብዙ ያውቁ ነበር። ሱሪያቸው ከጉልበቱ በታች ወንፊት ነው፤ የአሲድ ጠብታ ያረፈበት ሁሉ በማግሥቱ ቀዳዳ ይሆናል። አናቱ ላይ ላስቲክ ባለው የመስታወት ቧንቧ የባትሪውን ውሃ ሳብ ያደርጉና ውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ የት ላይ እንደቆመች ያያሉ። 1.28 አጠገብ ከቆመች ባትሪው ጠግቧል፤ ከ1.15 በታች ከሰመጠች ተርቧል። አዲስ አሲድ ሲበጠብጡ ደግሞ ለማንም የማያዛንፉት ሕግ ነበራቸው፦ ውሃው አስቀድሞ በላስቲክ ባልዲ ይቀመጣል፤ አሲዱ በቀጭኑ ይንቆረቆርበታል፤ በእንጨት ይማሰላል። ውሃ በአሲድ ላይ በፍጹም አይደፋም። ይህንን ልጁ የሰማው ከማባዛት ሠንጠረዥ በበለጠ ብዙ ጊዜ ነው።

የኬሚስትሪ መምህሩ የተረከቡት ላቦራቶሪ ከጠረጴዛ ሌላ ብዙም አልነበረውም። ስለ ኤሌክትሮላይት የሚያስተምሩበት ቀን ሲደርስ ልጁን ጠሩትና አጎቱ ለአንድ ቀን ባትሪ ያውሱ እንደሆነ ጠየቁት። በማግሥቱ ከጓደኛው ጋር ባትሪውን በጆንያ አንጠልጥለው ዳገቱን ወጡ፤ አሲድ ያልገባበት የባትሪ ውሃም በጠርሙስ ይዘው ነበር። መምህሩ በበኩላቸው ከመኪና ዳሽቦርድ የተነቀለች ትንሽ አምፖል፣ ሽቦ፣ ስኳር፣ ሰማያዊና ቀይ የሊትመስ ወረቀት፣ እንዲሁም ከሁለቱም ጫፍ የተቀረጹ ሁለት እርሳሶች አዘጋጁ።

እርሳሱ ላይ አማርኛ ልጁን አሳሳተው። እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ባትሪው ውስጥ ያለውም እርሳስ ነው አይደል?"

"ስሙ አንድ ነው፤ ዘሩ ለየቅል" አሉ መምህሩ። "በምትጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው፤ የከሰል ዘመድ። አጎትህ ቤት ያለው ግን ብረቱ ነው።"

ክፍሉ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። አንዱ ስም ሁለት ባሕርይ መያዙ ሲከነክነው ዋለ።

መምህሩ መጀመሪያ ሁለቱን እርሳሶች በንጹሕ የባትሪ ውሃ ውስጥ አቆሙና ሽቦውን አገናኙ። አምፖሏ አልበራችም። ስኳር ጨመሩ፤ አማሰሉ። አሁንም ጨለማ። ውሃውን ቀየሩና ከባቲ የሰኞ ገበያ ከመጣ አሞሌ የተፈነከተ ግራጫ ጨው ጣል አደረጉበት። ያውም ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በግመል የመጣ፣ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለው ያው አሞሌ ነው። ጨው እየሟሟ ሲሄድ የአምፖሏ ክር መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ደብዘዝ ብሎ በራ። ክፍሉ በሙሉ ከወንበሩ ተነሣ።

በኔጋቲቭ በኩል ካለው እርሳስ ጫፍ አረፋው ተግተለተለ። በፖዘቲቩ በኩል አረፋው ትንሽ ነበር፤ ሽታው ግን ወዲያው አፍንጫ ሞላ። ልጁ ሽታውን ያውቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ ነጭ ነጠላ ስታጥብ ከዘፍዘፊያው የሚወጣው ነው፤ የበረኪና ሽታ። በኔጋቲቩ እርሳስ አጠገብ የተነከረው ቀይ ሊትመስ ሰማያዊ ሆነ። ጨውና ውሃ ብቻ ከነበረበት ብርጭቆ ሃይድሮጅን፣ ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ ወጡ።

ልጁ ደብተሩ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ኤሌክትሪኩ ጨውን ይሰባብረዋል።" መምህሩ በወንበሮቹ መሃል ሲያልፉ አዩትና ቆሙ።

"አይደለም" አሉት። "ጨው ውሃ ውስጥ የገባ ዕለት ተለያይቷል። ሽቦውን ሳንነካው በፊት ሶዲየሙም ክሎራይዱም ለየብቻቸው ነበሩ። ኤሌክትሪኩ ያደረገው ቢኖር አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ መጥራት ነው።"

ልጁ አልተቀበለም። ባለፈው ሳምንት እኚሁ መምህር ሶዲየም የሚባለው ብረት ውሃ ሲነካው እንደሚንጣጣና እንደሚቀጣጠል፣ ክሎሪንም መርዛማ ጋዝ እንደሆነ ነግረዋቸዋል። ታዲያ ሶዲየሙ ብርጭቆው ውስጥ ለብቻው ካለ ስለምን አልነደደም? ክሎሪኑስ ሽቦው ሳይያያዝ በፊት ለምን አልሸተተም? በየቀኑ የሚበላው ወጥስ? ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀ። መምህሩ ፈገግ አሉ። "ይህንኑ ፕሮፌሰሮች ጠይቀውታል" አሉ። ደወሉ ተደወለ።

ፕሮፌሰሮቹ እነማን እንደሆኑ ልጁ ያወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። ያን ዕለት ደብተሩ ላይ የጻፈውን ስሕተት ከእርሱ በፊት ማን እንደሠራው ሲያነብ ግን ዐይኑን ማመን አቅቶት ገጹን ደጋግሞ አየው።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1800 ይጀምራል። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የብረት ዝርግ በብረት ዝርግ ላይ ደራርቦ፣ በመሃሉ በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን እያስገባ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ አገኘና ዜናውን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ገና ሳይታተም ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርተው ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ለያዩ። በኮምቦልቻው ቤት ንጋት ላይ የሚታየው አረፋ ያኔ ለንደን ውስጥ ጉድ ተብሎ ታየ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ሃምፍሪ ዴቪ ከአመድ የሚገኘውን ፖታሽ ያዘ። ደረቁን ሲሞክረው ኤሌክትሪክ አልሄደበትም፤ በውሃ በጥብጦ ሲሞክረው የተለየው ውሃው ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 1807 እርጥበት በትንሹ ነካ አድርጎት በጠንካራው ኤሌክትሪክ ራሱን አቀለጠው። በኔጋቲቩ በኩል ሜርኩሪ የመሰሉ የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹም ወዲያው ነደዱ። ፖታሲየም ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰው ዐይቶት የማያውቅ ብረት። ረዳቱና የአጎቱ ልጅ ኤድመንድ ዴቪ ከዓመታት በኋላ ያን ቀን ሲያስታውስ ሃምፍሪ በደስታ ክፍሉን እየዘለለ ዞረው ብሏል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሶዲየም ተከተለ፤ በዓመቱ ደግሞ ካልሲየም፣ ባሪየም፣ ስትሮንሺየምና ማግኒዚየም።

ከዴቪ አዳራሽ ታዳሚዎች አንዱ የመጽሐፍ ጠራዥ ሙያ ተለማማጅ፣ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። ማይክል ፋራዴይ ይባላል። የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት፤ በ1813 ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ዛሬ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሚሸመድዳቸውን ቃላት ለዓለም ያከፋፈለው እርሱ ነው፤ ኤሌክትሮላይት፣ ኤሌክትሮድ፣ አኖድ፣ ካቶድ፣ አዮን። በ1834 የካምብሪጁን ዊልያም ሄዌል በደብዳቤ አማክሮ ነው የመረጣቸው። አዮን በግሪክኛ "ሂያጅ" ማለት ነው። አኖድ "መውጫ መንገድ"፣ ካቶድ "መውረጃ መንገድ" ነው፤ ፋራዴይ ያሰበው ከፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ጋር አዛምዶ ነው። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው እነዚህን ቃላት ሲተረጉሙለት መንገዱን ያያል፤ ከአሰብ የሚወጣውን፣ ወደ አሰብ የሚወርደውን። ማንም ሰው ይህንን ክፍል ውስጥ ቢነግረው ኖሮ ለፈተና ባልሸመደደው ነበር።

ፋራዴይ ሂያጆቹን ስም አወጣላቸው፤ መቁጠሪያም ሰጣቸው። በአንድ ኤሌክትሮላይት ውስጥ የሚለየው ነገር መጠን ካለፈው ኤሌክትሪክ መጠን ጋር እኩል ያድጋል፤ ጥርጥር የለውም። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቁጥር 96,485 ኩሎምብ ነው። ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ሲያልፍ 1 ግራም ሃይድሮጅን፣ ወይም 35.5 ግራም ክሎሪን፣ ወይም 31.8 ግራም መዳብ፣ ወይም 9 ግራም አልሙኒየም ይለያል። ሰውየው ተማሪ ሳለ ይህን ሕግ አጎቱ ቤት ወስዶ አስልቶታል። ባትሪው በ5 አምፔር ለ8 ሰዓት ቻርጅ ቢደረግ 144,000 ኩሎምብ ያልፋል። ስድስት ክፍል ካለው ባትሪ በእያንዳንዱ ክፍል፣ በኔጋቲቩ ፕሌት ላይ ብቻ፣ 155 ግራም ያህል እርሳስ ወደ ብረትነቱ ይመለሳል ማለት ነው። ባትሪው ሲሠራ ከአሲዱ ወጥቶ ፕሌቱ ላይ የተለጠፈው ሰልፌት በቻርጁ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ውሃውም ይከብዳል። የአጎቱ ተንሳፋፊ ከፍ የምትለው ለዚህ ነው። ለካ እሳቸው በየማለዳው በመስታወት ቧንቧ ሲለኩ የኖሩት አዮኖቹን ነበር።

ሆኖም ፋራዴይ አንድ ነገር ላይ ተሳስቷል። ሂያጆቹን መንገድ ላይ የሚያወጣቸው፣ ከአጋራቸው የሚነጥላቸው ኤሌክትሪኩ ነው ብሎ ያምን ነበር። የልጁ ደብተር ላይ የሰፈረችው ዓረፍተ ነገር የፋራዴይ ናት። በ1857 ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክላውዚየስ ጥቂቶቹ እንኳ አስቀድመው የተለያዩ መሆን አለባቸው ብሎ ነበር፤ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ሳይቀር ስለሚያልፍ ነው። ክርክሩን ዳር ያደረሰው ግን አንድ የስዊድን ወጣት ነው።

ስቫንቴ አሬኒየስ ተወልዶ ያደገው በኡፕሳላ አካባቢ ሲሆን በ1884 ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲያቀርብ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ጽሑፉ 150 ገጽ ያህል ነው፤ በውሃ የሟሟ ኤሌክትሮላይት አንድ ክፍሉ ኤሌክትሪክ ለመሸከም አስቀድሞ ዝግጁ ነው ይላል። መምህራኑ ጽሑፉን ወደ ታች ባለው ማዕረግ አሳለፉት፤ በዩኒቨርሲቲው የማስተማር ተስፋውን ሊዘጋበት የሚችል ውጤት ነበር። ጥርጣሬያቸው ግልጽ ነው፤ ሶዲየም ለብቻው ከሆነ ስለምን አይነድም? ክሎሪን ለብቻው ከሆነ ስለምን አይሸትም? በኮምቦልቻው መማሪያ ክፍል ውስጥ የተነሣው ጥያቄ አንድ ቃል ሳይቀር ይኸው ነው።

አሬኒየስ እጁን አልሰጠም፤ ጽሑፉን በየአገሩ ላሉ ሊቃውንት በፖስታ አከፋፈለ። አንዱ ቅጂ ሪጋ ለነበረው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ደረሰ። ኦስትቫልድ በትዝታ መጽሐፉ እንደተረከው ያን ቀን ሦስት ነገር ተደራርቦበታል፦ የጥርስ ሕመም፣ አዲስ የተወለደች ሴት ልጅና የአሬኒየስ ጽሑፍ። ከሦስቱ እንቅልፍ የነሣው የመጨረሻው ነው። በዚያው ክረምት ኡፕሳላ ድረስ ተጉዞ ወጣቱን አገኘው፤ ሥራም ሊሰጠው ጠየቀ። ከአንድ ትልቅ ሊቅ ይልቅ ለአንድ ተራ ማዕረግ ሲጨነቁ የነበሩት መምህራን የውጭ አገር ፕሮፌሰር በራቸው ላይ ቆሞ ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

የመጨረሻውን ማስረጃ ያመጣው ብርድ ነው። ስኳር የሟሟበት ውሃ ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ዝቅ ባለ ሙቀት ይረጋል፤ ዝቅታው የሚወሰነው ውሃው ውስጥ ባሉት ቅንጣቶች ብዛት ነው። ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ይህን ሲመረምር ጨው ከሕጉ አፈነገጠበት፤ በቁጥር ከስኳሩ ጋር እኩል ጨው ቢያሟሙ የመርጊያው ዝቅታ እጥፍ ሊሆን ይቃረባል። በ1887 አሬኒየስ መልሱን ሰጠ። አንዱ ጨው ሁለት ሆኖ ስለሚቆጠር ነው፤ ይህም ሽቦ ከቶ ባልተጠጋው ብርጭቆ ውስጥ! ስኳር ግን ቢሟሟም አይለያይም፤ ለዚህ ነው የመምህሩን አምፖል ማብራት ያቃተው። በ1903 የኖቤል ሽልማት ለአሬኒየስ ተሰጠ፤ ከስዊድን የመጀመሪያው ተሸላሚ እርሱ ነው።

የሶዲየሙ እንቆቅልሽ የተፈታው ደግሞ በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ካገኘ በኋላ ነው። ሶዲየም የሚነደው አንድ ኤሌክትሮኑን ለመስጠት ስለሚጣደፍ ነው፤ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ግን ሰጥቶ የጨረሰ ነው። ክሎሪን መርዝ የሆነው አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ ስለሚቸኩል ነው፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ተቀብሎ ያረፈ ነው። እንደ ሁለቱ እርሳሶች ስማቸው አንድ ይምሰል እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ፖዘቲቩ እርሳስ ክሎራይዱን ኤሌክትሮኑን ያስመልሰዋል፤ ያኔ እንደገና ክሎሪን ይሆንና ይሸታል። በኔጋቲቩ በኩል ሶዲየሙ ቢደርስም ኤሌክትሮኑን የሚቀማው ውሃው ነው። ውሃ ከሶዲየም ይልቅ በቀላሉ ይቀበላል፤ ሃይድሮጅን ሆኖ ይተናል፤ በቦታው ሊትመሱን የሚያሰማየው ሃይድሮክሳይድ ይቀራል። ሶዲየሙ ምንም ሳይሆን ከሃይድሮክሳይዱ አጠገብ ቆሞ ይቀራል፤ ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው ይኸው ነው። ዴቪ ሶዲየሙን ለማግኘት ማቅለጥ የነበረበትም ለዚህ ነው፤ ውሃ ባለበት ተራው አይደርሰውም።

ሂያጆቹ እጅግ ቀርፋፋ መሆናቸው ደግሞ ሰውየውን እስከ ዛሬ ያስደንቀዋል። በአንድ ሳንቲሜትር ርቀት አንድ ቮልት ቢኖር ሶዲየም አዮን በሰዓት የሚጓዘው 2 ሳንቲሜትር ቢጠጋ ነው፤ ከባቲ ግመል የባሰ አዝጋሚ። አምፖሏ ወዲያው የምትበራው በብርጭቆው ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስ ስለሚጀምሩ ነው። የአሲዱ ሃይድሮጅን ግን ከሶዲየም ሰባት ጊዜ ያህል ይፈጥናል፤ ራሱ ስለማይሮጥ። ድንጋይ ሲቀባበሉ እንደሚሠሩ ሰዎች፣ አንዱ የውሃ ሞለኪውል ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ይህን የቅብብል ሐሳብ ያመጣው ቴዎዶር ግሮትሁስ ሲሆን፣ በ1805 ገደማ ሲጽፈው ገና 20 ዓመቱ ነበር። የባትሪ ሠሪዎች አሲድን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ፍጥነት ነው።

ያ በብርጭቆ ውስጥ የታየው ነገር በፋብሪካ ሲበዛ የቤት ዕቃ ይሆናል። የጨው ውሃ በኤሌክትሪክ ተለይቶ የሚገኙት ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ ተመልሰው ሲዋሐዱ የእናቱ በረኪና ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራበት መዳብ እስከ 99.99 በመቶ የሚጠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአልሙኒየም ታሪክ ነው። በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ላይ 2.8 ኪሎ አልሙኒየም ሲደረግ ብረቱ እንደ ብር የከበረ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ቻርልስ ማርቲን ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አልሙኒየም ኦክሳይድን በቀለጠ ክራዮላይት አሟምተው በኤሌክትሪክ ለዩት። ሁለቱም የተወለዱት በ1863 ነው፤ ሁለቱም የሞቱት በ1914 ነው። "ብረት ድስት" እየተባለ በየማጀቱ የሚቀመጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አልሙኒየም የሆነው ዕቃ የእነርሱ ልጅ ነው።

መምህሩም ቢሆኑ ሁሉን አልተናገሩም ነበር። "ውሃ ውስጥ የገባ ዕለት ተለያይቷል" ማለታቸው አሬኒየስን ተከትሎ ነው። በ1913 ሎረንስ ብራግ በኤክስሬይ የጨውን ውስጥ ሲመለከት ግን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ የጨው ሞለኪውሎች የሚባሉ ነገሮች አላገኘም። ሶዲየምና ክሎራይድ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተራ በተራ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎራይድ፣ እያንዳንዱ ክሎራይድ በስድስት ሶዲየም ተከቧል፤ ማንም የማንም የግል አጋር አይደለም። ይህን መስማት ያልፈለጉም ነበሩ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ፣ ቀድሞም የአሬኒየስ ተቃዋሚ የነበረው፣ በ1927 ኔቸር መጽሔት ላይ ስለ ጨው ክብር የተቆጣ ደብዳቤ ጽፏል። ኮምቦልቻ ያደገውን ሰው ግን የብራግ ግኝት ሌላ ነገር አስታወሰው። በግመል ጀርባ ከአፋር ወደ ባቲ ሲወጣ የኖረው ደረቅ አሞሌ፣ ገና ውሃ ሳይነካው፣ ከዳር እስከ ዳር አዮን ነበር። የጎደላቸው መንገድ ብቻ ነበር፤ መንገዱን የሰጣቸው ውሃው ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት የሆነው ሌላ ነው።

መምህሩ ለባትሪው ሊያመሰግኑ ሐሙስ ወደ አጎቱ ቤት ብቅ አሉ። አጎቱ አሲድ ሊበጠብጡ ውሃ በባልዲ አስቀምጠው ነበር። "ጋሼ፣ አይቁሙ፣ ይሥሩ" አሉ መምህሩ፤ እንጨቱን ልጁ ያዘ። አጎቱ አሲዱን በቀጭኑ አንቆረቆሩ።

"እጅህን ባልዲው ጎን ላይ አድርግ" አሉት መምህሩ።

አደረገ። ከሁለት ደቂቃ በፊት የቀዘቀዘው ባልዲ ይፋጅ ጀምሯል።

"ሽቦ አለበት?"

"የለም።"

"ታዲያ ማነው ያሞቀው?"

ልጁ ዝም አለ። ይህንን ባልዲ ለሁለት ዓመት ሲያማስል ኖሯል፤ ሙቀቱን መቶ ጊዜ ነክቶታል። ቻርጀሩ ጠፍቶ ነበር፤ አሲዱ ግን ውሃውን ባገኘ ቅጽበት ሃይድሮጅኑን አሳልፎ እየሰጠ፣ አዮኖቹን ውሃ እየከበባቸው፣ ማንም ሳይጠራቸው ተለያይተው ነበር።

"እኔማ አሲድ ውሃ ሲያይ ይቆጣል ነው የምለው" አሉ አጎቱ፣ ጠርሙሱን ቀና እያደረጉ።

"ትክክል ብለዋል ጋሼ" አሉ መምህሩ።

ከውጭ ከአሰብ የመጣ መኪና አየር ለቀቀና ቆመ። አጎቱ የመስታወቱን ቧንቧ አነሡ፣ ከባልዲው ሳብ አደረጉ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር ብለው ተንሳፋፊዋን አዩ፤ ገና እንዳልቀዘቀዘ ለመምህሩ ነገሯቸው። ቧንቧውን መልሰው አስቀመጡና ለልጁ ክዳኖቹን በጨርቅ እንዲጠርግ ሰጡት።